ደሴ ላይ ድራፍቱ ነው የተበላሸው ወይስ የኛ ምላስ? (ረጅም ነው፣ ሻይ ይዛችሁ ግቡ)

ጦሳ ስር (ደሴ)
ሰላም ጀማዓ። ልቤ ተቃጥሎ ነው የምጽፈው። ቅዳሜ ማታ ፒያሳ አካባቢ ሁሌ የምንቀመጥባት ቤት አራት ሆነን ገባን፣ የመጀመሪያው ጃምቦ መጣ ቀመስኩት፣ ምን ልበላችሁ ዝናብ የነካው ካርቶን እንደማኘክ ነው። እሺ ብርጭቆው ይሆናል ብዬ ሁለተኛ አዘዝኩ እሱ ደሞ ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ቅቤ! ሶስተኛው (አዎ ሶስተኛም ጠጥቻለሁ ምን ላርግ ጓደኛዬ ጋብዞኝ) መጨረሻው ላይ ኮምጠጥ አለብኝ። ጠዋት ራሴ ለሁለት ተሰንጥቆ ተነሳሁ።

ይሄ ቢራ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፋብሪካው ብቅሉን ቀንሶ ስኳር እየሞላበት ነው ባይ ነኝ። ስም አልጠራም፣ ባለፈው ጠርቼ አወያዩ አንስቶብኛል። እናንተ ጋስ እንዴት ነው? በተለይ ኮምቦልቻና ወልዲያ ያላችሁ ንገሩኝ።

ጃምቦ ሲደመር (ደሴ)
ሶስት ጠጥተህ ነው መበላሸቱን ያረጋገጥከው? እንዲህ ያለ ጥናት እኔም እሰራለሁ ሃሃሃ

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)
ወንድሜ አብሽር ቢራው ምንም አልሆነም። እኛ ጋ ያንኑ የምትለውን ቢራ (ገምቼዋለሁ) ትናንት በርበሬ ወንዝ አካባቢ ጠጥቻለሁ፣ እንደ ምንጭ ውሃ ነው የወረደው። ችግሩ ሐረጎ ነው። ያንን ዳገት ሲወጣ ቢራውም ይደክመዋል ደሴ ሲደርስ ልቡ ጠፍቶ ነው የሚደርሰው። ለዛ ነው ደሴዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ወደኛ የምትወርዱት ለሙቀቱ ነው እያላችሁ።

ጦሳ ስር
ሙቀታችሁን ለራሳችሁ ያዙት። 25 ኪሎ ሜትር መንገድ ቢራ ካበላሸ አዲስ አበባ የሚጠመቀው 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲደርስ ኮምጣጤ መሆን ነበረበት።

ሳላይሽ ሰፈር (ደሴ)
እኔ ግን ከጦሳ ስር ጋር ነኝ። ድሮ ድሮ አንድ ቢራ ስትጠጣ አፍህ ላይ የሚቀር ነገር ነበረው፣ አሁን ውሃ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካው በ90ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት እኔ ተማሪ ነበርኩ፣ አባቴ በሳጥን እያመጣ ቤት ያስቀምጥ ነበር። በኋላ ደሞ ባቲ የሚል ስም የነበረው ቢራ ትዝ ይላችኋል? እሱን ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ስለ ቢራ ባያወራ ደስ ይለኛል።

ጃምቦ ሲደመር
ተማሪ ሆነህ ከአባትህ ሳጥን ትሰርቅ ነበር ማለት ነው እንግዲህ፣ የተሰረቀ ነገር ሁሌም ይጣፍጣል

የበርሜል ሐኪም (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም ግን ይሄኛው የኔ ስራ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ድራፍት ማሽን እተክላለሁ እጠግናለሁ፣ ከኬሚሴ እስከ ወልዲያ ያልገባሁበት ቤት የለም ማለት ይቻላል።

ጦሳ ስር፣ አንተ የጻፍከው አንድ በሽታ አይደለም ሶስት ነው።

ካርቶኑ እርጅና ነው። ቢራ ውስጥ ኦክስጅን ከገባ ወይ ሙቅ ቦታ ብዙ ከቆየ ወረቀት ወረቀት ማለት ይጀምራል። ስኳር ከዚህ ጋር አይገናኝም። ስኳርና በቆሎ ብዙ ፋብሪካ በዓለም ላይ ይጠቀማል፣ ቢራውን ቀለል ያረገዋል እንጂ ካርቶን አያረገውም፣ ሳላይሽ ሰፈር ውሃ ሆነ ያለው ምናልባት ከዚህ ጋር ይሄድ ይሆናል እሱ የምርጫ ጉዳይ ነው። ቅቤው ዳያሴቲል ይባላል። እርሾው ስራውን ሳይጨርስ ቢራውን ካስቸኮሉት ከፋብሪካም ሊመጣ ይችላል፣ ግን ካርቶንና ኮምጣጣ ተከትሎት ከመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው ቱቦውን ነው። ቱቦ ውስጥ ባክቴሪያ ቤቱን ከሰራ መጀመሪያ ቅቤ ያመጣል ቀጥሎ ያኮመጥጣል። ቤቱን ሳላየው ልንገርህ፣ ያ ቱቦ ቢያንስ ሁለት ወር አልታጠበም።

ቱቦ በሁለት ሳምንት አንዴ በመድሃኒት መታጠብ አለበት፣ በመድሃኒት! ሙቅ ውሃ ለቀቅንበት የሚሉኝ አሉ፣ ሙቅ ውሃ ለእግር ነው። ቧንቧውን (የሚቀዳበትን ጫፍ ማለቴ ነው) ፈታችሁ በጣታችሁ ውስጡን ብትነኩት የሚያሙለጨልጭ ነገር ታገኛላችሁ፣ ያንን ካያችሁ በኋላ ውሃ ነው የምታዙት።

ራስ ምታቱን በተመለከተ ስንት እንደጠጣህ አንተ ታውቃለህ።

ጦሳ ስር
ሶስት ነው ያልኩት እኮ

ጃምቦ ሲደመር
ሶስት ብሎ የጻፈው እስከሚያስታውሰው ድረስ ነው

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)
ሐኪም አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ደሴ ድራፍት አረፋ ይበዛዋል ግማሹ ብርጭቆ አረፋ ነው፣ ሆን ብለው ነው እንዴ የሚሰርቁን?

የበርሜል ሐኪም
የሚሰርቅም አለ አልዋሽህም። ግን ከፍታውም አለበት። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ አየሩ ቢራውን ወደታች የሚጫነው ጉልበት ያንሳል ስለዚህ ጋዙ ኸብርጭቆው ለመውጣት ይቸኩላል። ኮምቦልቻ ላይ በተስተካከለ ጌጅ (የጋዙን ግፊት የሚያሳየው) ደሴ ላይ ከቀዳህ አረፋ ነው የምትጠጣው። ጌጁን ትንሽ ከፍ አርጎ በርሜሉን በደምብ ማቀዝቀዝ ነው መፍትሄው፣ ግን ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚሰራው፣ አረፋ በዛ ብሎ ጋዙን ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ቢራው ውስጥ ያለው ጋዝ ቱቦ ላይ ይለቃል፣ አረፋው ይብሳል፣ እንደገና ይቀንሳል… በመጨረሻ የሞተ ቢራ ይቀዳልሃል።

አንድ ቤት ገብቼ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ኸየት እንደሆነ አልናገርም። የጋዝ (የካርቦን ዳይኦክሳይድ) ሲሊንደሩ አልቆባቸው ሞልቶ እስኪመጣ ብለው ጎማ የሚነፋበትን ኮምፕሬሰር በርሜሉ ላይ ቀጥለውታል። አየር እኮ ነው! ኦክስጅን! ቢራን በኦክስጅን መግፋት ማለት በሽተኛን በመርዝ ማከም ነው፣ በነጋታው ካርቶን ይሆናል። ልጁ ሲመልስልኝ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አየርም ጋዝ አይደል እንዴ»

ቀሪቦ ብቻ (ደሴ)
አስተያየት ለመስጠት መብት ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም፣ እኔ የምጠጣው ቀሪቦ ነው። ግን ይሄን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ ወላሂ አላህ ስለጠበቀኝ አመሰገንኩ። ጋዝ፣ ቱቦ፣ መድሃኒት፣ ኮምፕሬሰር… መጠጥ ነው ወይስ ጋራዥ?

የቦርከና ልጅ
ሃሃሃሃ አንተም ግን ተጠንቀቅ፣ ቀሪቦ ሶስት ቀን ሲቆይ ምን እንደሚሆን የምናውቅ እናውቃለን

ቀሪቦ ብቻ
እናቴ የምትሰራው ማታ ተሰርቶ በነጋታው ያልቃል። ሶስት ቀን የሚቆይ ቀሪቦ እኛ ቤት የለም፣ አብሽር።

የበርሜል ሐኪም
ልጁ ሳያውቀው ትልቁን ነገር ተናገረ። ማታ ተሰርቶ በነጋታው ያልቃል፣ የቢራም ምስጢር ይሄው ነው። ቶሎ የሚያልቅበት ቤት ጠጣ። ቤቱ ቢያምር ባያምር፣ ሙዚቃው ቢጮህ ባይጮህ፣ በርሜል በቀን የሚቀይር ቤት ግባ። 30 ሊትር በርሜል ወደ 90 ብርጭቆ ነው በ330 ሚሊ ስታሰላው። በቀን 15 ብርጭቆ የሚሸጥ ቤት ያንን በርሜል ስድስት ቀን ያቆየዋል ማለት ነው፣ ስድስተኛው ቀን ላይ የምትገባው አንተ ነህ።

ባለሆቴል (ደሴ)
ሁላችሁም ስትናገሩ ቆያችሁ እስቲ እኔም ልናገር። ኸሃያ ዓመት በላይ መጠጥ ቤት ይዣለሁ። ልጆቼ፣ እናንተ ብርጭቆውን ታያላችሁ እኔ ከጀርባው ያለውን ነው የማየው። መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ሲቆይ ማቀዝቀዣው ቆመ ማለት ነው፣ ጄኔሬተር ለፍሪጅና ለድራፍት አብሬ ላንቀሳቅስ ብል የነዳጁ ሂሳብ ኸቢራው ይበልጣል። የጾሙ ወቅት ደሞ አለ። 2017 ላይ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ነው የገቡት፣ ደሴን ታውቋታላችሁ፣ አንዱ ሲጾም አንዱ ይመጣ ነበር በዛ ወር ግን ሁለቱም ቀረ። ወንበሩ ብቻ ነበር የሚያየኝ። በርሜል ከፍቼ ምን ላርገው? አልከፈትኩም፣ ጠርሙስ ብቻ ሸጥኩ። ሁሉም ሰው ግን እንደኔ አይደለም፣ የከፈተ ከፈተ፣ ለፋሲካና ለዒድ ማግስት የመጣው ሰው የጠጣው የቱን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

ቱቦ ስለማጠብ ሐኪም ያልከው ልክ ነው። እኔ ግን ልጁ ሲያጥብ ቆሜ ነው የማየው፣ ካልቆምኩ ያጠብኩ ይለኛል።

የበርሜል ሐኪም
ጋሼ አንቱ ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም፣ ጾም ሲገባ ድራፍት የሚዘጋ ቤት ካየሁ እኔ ባለቤቱን አከብራለሁ።

ሳላይሽ ሰፈር
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሁሉ ነገር የቱቦና የመብራት ከሆነ ጠርሙሱስ? እኔ ድራፍት ትቼ ጠርሙስ ነው የምጠጣው፣ እሱም ተቀይሯል። ከሱቅ ገዝቼ ቤቴ ወስጄ። ቱቦ የለበትም።

የበርሜል ሐኪም
ሱቁ የት ነው ሳጥኑን የሚያስቀምጠው?

ሳላይሽ ሰፈር
በር ላይ። ሁሉም በር ላይ ነው የሚደረድረው።

የበርሜል ሐኪም
ፀሐይ! አለቃ፣ መልሱ እሱ ነው። ቢራ ላይ መራራውን የሚሰጠው ሆፕ የሚባለው ተክል ነው፣ ከሱ የሚወጣው ነገር ብርሃን ሲነካው ይበጠሳል የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ ብዙውን ብርሃን ይከለክላል፣ አረንጓዴው ግን አይከለክልም ማለት ይቻላል፣ ነጩማ ጭራሽ። ግን ቡናማውም ቢሆን ሳምንት ሙሉ በር ላይ ተሰጥቶ አይችለውም፣ ብርሃኑ ቢቀር ሙቀቱ አለ። ደሴ ብርዱ ስላለ ትንሽ ያግዛችኋል፣ ባቲና ኬሚሴ ላይ በቆርቆሮ መጋዘን የከረመ ሳጥን ግን የተቀቀለ ነው።

ቆርኪው ላይ ወይ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን እዩ እንጂ! እንቁላል ስትገዙ ጆሯችሁ አጠገብ አርጋችሁ ትነቀንቃላችሁ፣ ቢራ ስትገዙ ቀን አታዩም።

እታለም ጌሾ (ኩታበር)
እስቲ ሴትም ታውራ። ሆፕ ሆፕ ስትሉ ሰማሁ፣ ከውጪ በዶላር የሚመጣ ነገር ነው አይደል? የኛ ጌሾ ጓሮ ነው። ፋብሪካ ተበላሸ አልተበላሸ ስትጨቃጨቁ እኔ ገብሱን ራሴ አብቅዬ፣ ደረቆቱን ራሴ ቆልቼ፣ ጋኑን በወይራ አጥኜ ጠላ እጠምቃለሁ። ማን ጠመቀው፣ መቼ ጠመቀው፣ በምን ጠመቀው ብትሉኝ ሶስቱንም እመልስላችኋለሁ። ድፍድፉ እንደተከደነ ይቆያል፣ የሚበጠበጠው ለሚጠጣው ሰው ልክ ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላ ሁለት ሶስት ቀን ነው ከዛ ይኮመጥጣል፣ ሲኮመጥጥ ደሞ ማንም አይዋሽበትም ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የናንተ ቢራ ግን አርጅቶም ጎልማሳ ነኝ ይላል።

ጃምቦ ሲደመር
እታለም ይሄን ጋን ይዘሽ ደሴ ብትመጪ ፒያሳ ላይ ሃውልት እናቆምልሻለን

እታለም ጌሾ
ሃውልቱ ይቅር፣ ጠጥታችሁ ሂሳብ ክፈሉ።

ሐይቅ ዳር
እሷ ያለችው ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ቦሌ ያለው ቢር ጋርደን ኢን ሰው የሚሄደው እኮ እዛው ስለሚጠመቅ ነው፣ ብሎንዲና ኤቦኒ የሚባሉ ሁለት ቢራ አላቸው አንዱ ነጣ ያለ አንዱ ጠቆር ያለ። ጠጥቻለሁ፣ እዛው ተጠምቆ እዛው ሲቀዳ የሆነ ህይወት አለው። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ለምን የለም? ገብሱ ከወረኢሉ ከደላንታ ይመጣል፣ ብርዱ በነጻ ነው።

ሳላይሽ ሰፈር
ደሴ ላይ ውሃ እኮ በከፍታ ምክንያት በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ቢራ ይቀቀላል አይደል?

የበርሜል ሐኪም
ይቀቀላል፣ መራራው ቶሎ አይወጣም እንጂ። ወይ ረዘም አርገህ ትቀቅላለህ ወይ ሆፕ ትጨምራለህ፣ ገንዘብ ነው የሚፈልገው። ሐሳቡ ጥሩ ነው ግን ከርዕሱ አንውጣ። ጦሳ ስር አሁንም ፋብሪካው ነው ትላለህ?

ጦሳ ስር
እላለሁ። ቱቦው ገብቶኛል፣ ፀሐዩም ገብቶኛል። ግን ምላሴ አይዋሽም፣ የድሮውን ጣዕም ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።

የበርሜል ሐኪም
እሺ ዓይንህን እናስጨፍንሃለን። ቅዳሜ ደሴ እመጣለሁ።

(ከአራት ቀን በኋላ)

ጃምቦ ሲደመር
ጀማዓ ተሰብሰቡ፣ ውጤቱን እኔ ነኝ የምጽፈው ምክንያቱም ባለጉዳዩ ዝም ብሏል ሃሃሃሃ

ሆጤ እኔ ቤት ነበር። ስድስት ሰው። ሐኪም አራት ጠርሙስ አምጥቶ እያንዳንዱን ካልሲ አለበሰው (ንጹህ ካልሲ፣ አዲስ፣ ከሰኞ ገበያ የተገዛ)። ምን እንደሆኑ ከሱ በቀር ማንም አያውቅም። በውስኪ ብርጭቆ ትንሽ ትንሽ ቀዳልን፣ በመሃል በመሃል ዳቦና ውሃ። ወረቀት ሰጠን፣ ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ስጡ አለ። ልክ ፈተና ነው የሚመስለው አንዱ ጓደኛችን የጎኑን ሊኮርጅ ሲል ተያዘ።

ሶስተኛው ካልሲ ሲቀዳ ሁላችንም አፍንጫችንን ያዝን። ጎማ! ስድስታችንም መጨረሻ አደረግነው። እሱ ሐኪም ሁለት ቀን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ያሰጣው ነው፣ ጠዋት የወጣ ማታ የገባ፣ አረንጓዴ ጠርሙስ። ሳላይሽ ሰፈር ቀምሶ ምን አለ? «ይሄ እኮ የኛ ሰፈር ሱቅ ቢራ ነው።» በቃ ሳቅ አልቆመም።

አንደኛው ካልሲ ያው ጦሳ ስር የሚያማው ቢራ ነው፣ የተመረተበት ቀን ከሶስት ሳምንት ያነሰ፣ ከኮምቦልቻ አከፋፋይ መጋዘን ተወስዶ በብርድ የቆየ። አራት ሰው አንደኛ አደረገው። ጦሳ ስር ሶስተኛ አደረገው፣ ወረቀቱ ላይ የጻፈው እዚህ ኪሴ ውስጥ አለ፦ «ውሃ፣ የአሁኑ ቢራ፣ ልብ የለውም።»

ሁለተኛው ካልሲ። ጦሳ ስር ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ይሄ ነው» አለ። «የድሮው ይሄ ነው። ይሄን ከየት አመጣኸው?» ሐኪም ምንም ሳይናገር ካልሲውን አወለቀው። ያው ራሱ ቢራ። ያው ፋብሪካ። ጊዜው ሊያልፍ ሶስት ሳምንት የቀረው፣ አንድ ሱቅ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራውን ጠርጎ የሸጠለት።

አራተኛው ሌላ ብራንድ ነበር ማንም ልብ አላለውም፣ አልፎ ሄደ።

ሳላይሽ ሰፈር
እኔ ሁለተኛውን ሁለተኛ ነው ያደረግኩት፣ ይመዝገብልኝ

የቦርከና ልጅ
ስለዚህ ጦሳ ስር የናፈቀው የጡረተኛ ቢራ ነው ማለት ነው። አምስት ወር ሱቅ ውስጥ የኖረ። የኔ ወንድም አንተ ድሮም አሮጌ ነው ስትጠጣ የኖርከው!

ባለሆቴል
አትሳቁበት። እኔም በልጅነቴ የጠጣሁት ቢራ ኸኮምቦልቻ ሳይሆን ኸሩቅ ነበር የሚመጣው፣ በጭነት መኪና ስንት ቀን ተጉዞ ስንት ወር ተቀምጦ። ያ ወፈር ያለ ጣፈጥ ያለ ነገር ለኔም ቢራ ማለት እሱ ነው። ትኩሱን ሳገኝ እኔንም ይቀጥነኛል።

የበርሜል ሐኪም
ጋሼ ልክ ኖት፣ ቢራ ሲያረጅ መራራው ይቀንሳል ማር ማር የሚል ጣፋጭ ነገር ይመጣበታል ካርቶኑ ሳይበረታ በፊት። የሚወደው ሰው አለ ነውር የለውም። ብቻ ፋብሪካው ቀየረው አይባልም። ቅዳሜ የጠጣኸው ድራፍት ግን ጦሳ ስር፣ እሱ እውነት ነው። እኔም ዛሬ ስመለስ ቤቱ ገብቼ አንድ ቀመስኩ፣ ቅቤው አለ። ባለቤቷን አናግሬ ቧንቧውን ፈትቼ አሳየኋት፣ አላስተዛዘበችኝም ደነገጠች። መድሃኒት ትቼላት መጥቻለሁ።

ጦሳ ስር
ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ተናድጄ አይደለም ስራ በዝቶብኝ ነው።

እሺ። ስለ ስኳሩ የጻፍኩትን አንስቻለሁ። ድራፍቱ ተበላሽቷል ያልኩት ግን ልክ ነበርኩ ይሄንን ማንም አይወስድብኝም። ትናንት በቤቱ ሳልፍ አስተናጋጇን ቱቦው መቼ ታጠበ ብዬ ጠየቅኳት፣ «ረቡዕ» አለችኝ። የቱ ረቡዕ ብላት ሳቀች።

እና ሐኪም፣ ያቺ ሁለተኛዋ ካልሲ… ሱቁ የት ነው? ሌላ ቀርቷቸው ይሆን?

የበርሜል ሐኪም
አራት ጠርሙስ ቀርቷል። በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፣ ፍጠን ጊዜው እያለፈ ነው።